ጥፋቱን ኳስ የምትሸፍንለት የተራራው ልጅ

የፋብሪካው ካቦ ልጁን ከማሽኑ አጠገብ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥጥ በሚጠራቀምበት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ለሽ ብሏል። እዚያ ከሌለ ደግሞ የት እንዳለ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ወይ ወንዝ ወርዶ እየዋኘ ነው፣ ወይ ወንጭፉን ይዞ ወፍ ፍለጋ ወደ ተራራው ወጥቷል። ሥራ ሲጀምር ዕድሜው 14 ነበር። ፋብሪካው ታገሰ፣ ታገሰና በመጨረሻ አባረረው።

መባረሩ ግን ብዙ አልቆየም። ፋብሪካው የእግር ኳስ ክለብ ነበረው። የክለቡ ሹም ደግሞ ያ ሰነፍ ልጅ በቀኝ መስመር ኳስ ሲይዝ ምን እንደሚሠራ አይቷል። ስለዚህ ገብቶ አማለደው። ልጁም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ማለትም ወደ ጥጥ ሳጥኑና ወደ እንቅልፉ።

ይህ ልጅ ማኑኤል ፍራንሲስኮ ዶስ ሳንቶስ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ጋሪንቻ በሚለው ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለገውን ያህል ቢያጠፋ ኳስ ታስምረው ነበር። ይህ ምህረት ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን አድርጎታል። በ49 ዓመቱ መቃብር ያስገባውም ይኸው ምህረት ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

የተራራው ትምህርት ቤት

ጋሪንቻ የተወለደው እ.ኤ.አ በጥቅምት 1933 ፓው ግራንዴ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ፓው ግራንዴ ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወጣ ብላ፣ በሴራ ዶስ ኦርጋኦስ ተራሮች ግርጌ የተቆረቆረች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ነች። ቤቱም፣ ሥራውም፣ የኳስ ሜዳውም የፋብሪካው ነው። አባቱ የፋብሪካው ጥበቃ ሲሆኑ ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣውን የብራዚል አረቄ ካሻሳን አብዝተው ይጠጡ ነበር።

ልጁ ሲወለድ እግሮቹ ጠማማ ነበሩ። የቀኙ ወደ ውስጥ፣ የግራው ወደ ውጭ ይታጠፋል። ርዝመታቸውም እኩል አይደለም፤ ልዩነቱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደነበር ይነገራል። ሌላ ልጅ ቢሆን እንዲህ ባለ እግር ከቤት ባልወጣ ነበር። እሱ ግን ከቤት ገብቶ አያውቅም። ጫካ ለጫካ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ዓሳ ሲያጠምድ፣ ወፍ ሲያድን ይውላል። ጋሪንቻ የሚለውን ስም ያወጣችለት እህቱ ሮዛ ነች። ጋሪንቻ በዚያ አካባቢ የምትገኝ ትንሽ ቡናማ ወፍ ነች። ልጁ ከእኩዮቹ አንሶ ቀጭን ስለነበር ከወፏ ጋር ተመሳሰለባት። ለቀልድ የወጣው ስም ዕድሜውን ሙሉ ተጣብቆበት ቀረ።

ትምህርት ብዙም አልሆነለትም። ከክፍል ፎርፎ ተራራ መውጣት ይቀለው ነበር። ማጨስም መጠጣትም የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። የመንደሩ ሰው ዓይን የማይረባ ዱርዬ ነበር የሚያየው። ይሁንና ከወጣገባው መሬት ጋር ሲታገል የዋለ ሰውነት አንድ ነገር ለምዷል። በሙሉ ፍጥነት እየሮጡ በድንገት መቆም፣ ከቆሙበት ደግሞ እንደ ወፍ ብድግ ማለት። በኋላ የአውሮፓ ተከላካዮች ሊደርሱበት ያልቻሉት ይህንን ነው። አሰልጣኝ አላስተማረውም፤ የትኛውም አካዳሚ አልገባም።

ታኬታ የረሳው ተጫዋች

ጎበዝ መሆኑ በአካባቢው ሲታወቅ ጓደኞቹ ሪዮ ወርዶ እንዲሞክር ይወተውቱት ጀመር። እሱ ግን አልቸኮለም። ቫስኮ ዳ ጋማ ለሙከራ ሲሄድ ታኬታ ሳይዝ ነው የሄደው። መልሰው ላኩት። ፍሉሚኔንስ ደግሞ ተራው እስኪደርስ ጠብቆ ጠብቆ፣ ወደ ፓው ግራንዴ የሚመለሰው የመጨረሻው ባቡር እንዳያመልጠው ብሎ ሙከራውን ጥሎ ሄደ። የብራዚል ወጣት ሁሉ የሚያልመውን ዕድል በባቡር ሰዓት ለወጠው። ለእሱ ከማራካና ይልቅ ወንዙና ተራራው ይበልጡበታል። በዚያ ላይ በ18 ዓመቱ የፋብሪካውን ሠራተኛ አግብቶ የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ ነበር።

እ.ኤ.አ በ1953 ግን አራቲ የተባለ የቦታፎጎ ተጫዋች ፓው ግራንዴ ላይ ሲጫወት አይቶት ኖሮ ክለቡ እንዲሞክረው አደረገ። በሙከራው ቀን በግራ ተመላላሽነት የገጠመው ተራ ሰው አልነበረም። የብሔራዊ ቡድኑ ተከላካይ ኒልተን ሳንቶስ ነበር። ታሪኩ ሲነገር ሲነገር ብዙ ቅመም ተጨምሮበታል፤ ዋናው ነገር ግን አልተለወጠም። ጠማማ እግር ያለው የገጠር ልጅ ኳሷን በታላቁ ተከላካይ እግሮች መሀል አሾልኮ አለፈ። ኒልተን ሳንቶስ አልተቆጣም። ይልቅስ ይህ ልጅ በተቃራኒ ቡድን እንዳይመጣብኝ አስፈርሙልኝ ብሎ ክለቡን እንደጠየቀ ይተረካል። በሐምሌ 1953 ቦታፎጎ ቦንሱሴሶን 6ለ3 ሲያሸንፍ ጋሪንቻ በመጀመሪያ ጨዋታው ሶስት ጎል አገባ።

አብዶው አንድ ዓይነት ነበር። ተከላካዩ ፊት ይቆማል። ሰውነቱን ወደ ግራ ይጥላል፣ ኳሷ ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። ተከላካዩ ይሄዳል፤ ጋሪንቻ በቀኝ በኩል ይወጣል። ተመልካቹ ያውቃል፣ አሰልጣኙ ያውቃል፣ ተከላካዩ ራሱ በደንብ ያውቃል። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ማወቅ ግን ምንም አልፈየደም። እንዲያውም እ.ኤ.አ በ1958 ቦታፎጎ ሜክሲኮ ላይ ከአርጀንቲናው ሪቨር ፕሌት ጋር ሲጫወት፣ ቫይሮ የተባለውን ተከላካይ ደጋግሞ ሲያታልል ሕዝቡ በበሬ ፍልሚያ ላይ የሚጮኸውን ኦሌ የሚለውን ጩኸት አወጣ። ዛሬ በየስታዲየሙ የሚሰማው ኦሌ ወደ እግር ኳስ የገባው ያን ቀን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

የፊዮሬንቲናው ጥፋት

በዚያው ዓመት ብራዚል ወደ ስዊድኑ የዓለም ዋንጫ ስትጓዝ ጣሊያን ላይ ቆማ ፊዮሬንቲናን በወዳጅነት ገጠመች። ግንቦት መጨረሻ ነው። ጋሪንቻ ተከላካዮቹን አንድ በአንድ አለፈ። በረኛውንም አለፈ። ጎሉ ባዶ ነው። ታዲያ ከማግባት ይልቅ ቆሞ ጠበቀ። አንድ ተከላካይ እየሮጠ ሲመለስ እንደገና አታለለውና ኳሷን እየነዳ መረቡ ውስጥ ገባ። ተጋጣሚው 4ለ0 ተሸነፈ። ሕዝቡ ሳቀ፣ የብራዚል የቡድን መሪዎች ግን ደማቸው ፈላ። ለዓለም ዋንጫ የሚሄድ ቡድን ውስጥ የሰፈር ቀልድ ምን ይሠራል?

በዚያ ላይ ቡድኑ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይዞ ነበር። ባለሙያው ተጫዋቾቹን በሙሉ ፈተና ሲያስቀምጥ ጋሪንቻ ከ123 ነጥብ 38 አገኘ። ለከባድ ጨዋታ አይሆንም ተባለ። ብራዚል ኦስትሪያን 3ለ0 ስትረታና ከእንግሊዝ ጋር 0ለ0 ስትለያይ ጋሪንቻ ሜዳ አልገባም። ያ የ17 ዓመት ልጅ ፔሌም እንዲሁ አልተሰለፈም።

ሰኔ 15 ቀን 1958 ጎተንበርግ ላይ ሶቪየት ኅብረት መጣች። በረኛው ሌቭ ያሺን ነው። ቡድኑ በሳይንስ የተሠራ ነው እየተባለ ይወራለታል። አሰልጣኝ ቪሴንቴ ፌኦላ የባለሙያውን ወረቀት ወደ ጎን ትተው ሁለቱንም አሰለፏቸው። ጨዋታው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ጋሪንቻ ኩዝኔትሶቭን አንዴ፣ ሁለቴ አታሎ የግቡን ቋሚ ነረተው። ቀጥሎ ፔሌ አግዳሚውን መታ። በሶስተኛው ደቂቃ ቫቫ አገባ። እነዚያ ሶስት ደቂቃዎች በእግር ኳስ ታሪክ ከታዩት ሁሉ ምርጦቹ ናቸው ተብሎ ተጽፎላቸዋል። ብራዚል 2ለ0 አሸነፈች። በፍጻሜው ስዊድንን 5ለ2 ስትረመርም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጎሎች ቫቫ ያገባቸው ጋሪንቻ በቀኝ በኩል ሰብሮ ገብቶ ባቀበላቸው ኳሶች ነበር።

የፊዮሬንቲናው ጥፋት ተረሳ። ኳስ አስማረችው።

ዋንጫውን ይዞ ሲመለስ የሪዮ ሆቴል አላማለለውም። ወደ ፓው ግራንዴ ሄደ። በመንደሩ መሸታ ቤት የሰውን ዱቤ ሁሉ እንደከፈለ ይነገራል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር በባዶ እግሩ ኳስ ተጫወተ። ቦታፎጎ በበኩሉ ባዶ ወረቀት ላይ ያስፈርመው ነበር። የደመወዙን መጠን ክለቡ በኋላ ይሞላዋል። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ በገንዘብ ከሱ የሚያንሱ ተጫዋቾች ሲበልጡት እሱ ግድም አልነበረው። ልምምድ ቢቀር፣ ቢሰክር፣ ቢጠፋ ማንም አጥብቆ አይጠይቀውም። እሁድ ሜዳ ላይ እስከተገኘ ድረስ ሁሉም ነገር ይታለፋል።

በአንዲስ ተራሮች ስር

እ.ኤ.አ በ1962 የዓለም ዋንጫ ወደ ቺሊ፣ ወደ አንዲስ ተራሮች አገር ሄደ። ብራዚል በሁለተኛው ጨዋታዋ ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር ስትጫወት ፔሌ ተጎዳ። ውድድሩም አበቃለት። አገሪቱ በሙሉ ደነገጠች። ቡድኑን ማን ይሸከም? የተሸከመው ያ የጥጥ ሳጥን ውስጥ ይተኛ የነበረው ልጅ ሆነ።

ሰኔ 10 ቪኛ ዴል ማር ላይ የሩብ ፍጻሜው ተጋጣሚ እንግሊዝ ነበረች። በጨዋታው መሀል ጥቁር ውሻ ሜዳ ገባ። ተጫዋቾች ሊይዙት ሞከሩ። ጋሪንቻም ሞከረ፤ ውሻው አብዶ ሠርቶበት አመለጠ። ስታዲየሙ በሳቅ ፈረሰ። ጋሪንቻን እንዲህ ያታለለ ተከላካይ በዓለም ላይ አልነበረምና። በመጨረሻ የእንግሊዙ ጂሚ ግሪቭስ በአራት እግሩ ተንበርክኮ ያዘው። ውሻው ግን ማልያው ላይ ሸናበት።

ጨዋታው ሲቀጥል የሳቅ ጊዜ አበቃ። ጋሪንቻ ከእሱ በጣም ከሚረዝሙት ተከላካዮች በላይ ዘሎ በቴስታ አገባ። የቅጣት ምቱን በረኛው ሲመልሰው ቫቫ አስቆጠረ። ከዚያም ጋሪንቻ ራሱ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውጭ የተጠማዘዘች ኳስ ልኮ ሶስተኛዋን ጨመረ። 3ለ1። ውሻው በብራዚል ካምፕ ዕጣ ወጥቶበት ለጋሪንቻ እንደደረሰውና ወደ አገሩ ይዞት እንደተመለሰ ይነገራል። ለወፍና ለውሻ ያለው ፍቅር ከፓው ግራንዴ ጫካ ጀምሮ አልለቀቀውም።

ከሶስት ቀን በኋላ ግማሽ ፍጻሜው ከአስተናጋጇ ቺሊ ጋር ነበር። አንድ በግራ እግሩ፣ አንድ በቴስታ፣ ሁለት ጎል አገባ። ብራዚል 4ለ2 አሸነፈች። ነገር ግን ሲመቱት፣ ሲጠልፉት የዋሉት ተጫዋቾች አበሳጭተውት ኖሮ መጨረሻ ላይ ኤላዲዮ ሮሃስን በእርግጫ መታ። ዳኛው ከሜዳ አስወጡት።

አሁን የፍጻሜው ጨዋታ አምልጦታል ማለት ነው? በሌላ ተጫዋች ቢሆን አዎ። ለጋሪንቻ ግን ከብራዚል መንግሥት ጀምሮ ብዙ ሰው ተንቀሳቀሰለት። ድርጊቱን ያዩት የመስመር ዳኛም ሳይመሰክሩ ከቺሊ ወጡ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው በማስጠንቀቂያ አለፈው። ሰኔ 17 ሳንቲያጎ ላይ ትኩሳት ይዞት ተሰለፈ። ብራዚል ቼኮዝሎቫኪያን 3ለ1 አሸንፋ ዋንጫውን ደገመችው። ጋሪንቻ የውድድሩ ኮከብ ተባለ፤ በ4 ጎል ከከፍተኛ አግቢዎቹም አንዱ ሆነ።

በፋብሪካው ያማለደው አንድ የክለብ ሹም ነበር። በቺሊ ያማለደው አንድ አገር ነው። ምህረቱ ግን ያው ነው፤ ዋጋው ኳስ ነው።

ጉልበቱ ሲክድ

ምን ያደርጋል! እ.ኤ.አ በ1963 ጉልበቱ እምቢ አለ። ያ ከሩጫ በድንገት የሚቆም፣ እንደገና የሚፈነዳ አጨዋወት በጠማማ እግር ላይ ለዓመታት ሲደጋገም መገጣጠሚያውን በልቶታል። ሐኪም ዕረፍትና ቀዶ ጥገና ያዘዋል። ክለቡ ግን ጋሪንቻ ከተሰለፈ ለወዳጅነት ጨዋታ ብዙ ገንዘብ ያገኛል። ስለዚህ ከጉልበቱ ውሃ እየተቀዳ፣ መርፌ እየተወጋ መጫወቱን ቀጠለ። ቀዶ ጥገናው የመጣው በ1964 ነው፤ ያኔ ጊዜው አልፏል።

በዚሁ ጊዜ የሳምባ ዘፋኟን ኤልሳ ሶአሬስን ወዶ ሚስቱንና ስምንት ሴት ልጆቹን ጥሎ ወጣ። ሲጠጣ፣ ሲቀር፣ ሲጠፋ ይስቅለት የነበረው ሕዝብ አሁን ተቆጣ። አብዛኛው ውርጅብኝ ግን የወረደው በእሱ ላይ ሳይሆን በኤልሳ ላይ ነበር። እሷ ጠርሙሱን ከእጁ ለማስጣል የታገለች ሴት ነበረች።

እ.ኤ.አ በ1966 ቦታፎጎ ለኮሪንቲያንስ ሸጠው። በዚያው ዓመት በእንግሊዙ የዓለም ዋንጫ ቡልጋሪያ ላይ በቅጣት ምት የመጨረሻዋን የዓለም ዋንጫ ጎሉን አገባ። ቀጥሎ ሃንጋሪ ብራዚልን 3ለ1 አሸነፈች። ለብሔራዊ ቡድኑ ካደረጋቸው 50 ጨዋታዎች የተሸነፈው ያን አንዱን ብቻ ነው፤ የመጨረሻውም እሱ ሆነ። ከፔሌ ጋር አብረው በተሰለፉባቸው 40 ጨዋታዎች ደግሞ ብራዚል አንድም ቀን አልተሸነፈችም። 36 አሸንፋ 4 አቻ ወጥታለች።

ሚያዝያ 1969 መኪና እየነዳ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። አብረውት የነበሩት የኤልሳ እናት ሞቱ። ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ቅጣቱ ግን በገደብ ሆነና እስር ቤት አልገባም። አሁንም ተማረ። ይህኛውን ግን ራሱ ለራሱ መማር አልቻለም። ከዚያ በኋላ መጠጡ ባሰበት።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1973 ማራካና ላይ የስንብት ጨዋታ ተዘጋጀለት። ከ130 ሺህ በላይ ሕዝብ መጣ። ፔሌም ተሰለፈ። ጋሪንቻ ኳስ በነካ ቁጥር ስታዲየሙ ተናወጠ። ጨዋታው ሳያልቅ ተቀይሮ ሜዳውን ዞሮ ወጣ። ሕዝቡም ወደየቤቱ ሄደ።

እ.ኤ.አ በ1980 በሪዮ ካርኒቫል የማንጌራ ሳምባ ትምህርት ቤት ክብር ሊሰጠው ብሎ በተሽከርካሪ መድረክ ላይ አስቀመጠው። በሕመምና በመድኃኒት ደክሞ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ አለፈ። የሕዝብ ደስታ ይሉት የነበረውን ሰው እንዲህ ሆኖ ያየው ተመልካች ማጨብጨብ ከብዶት ነበር።

የተራራው ስር

ጥር 20 ቀን 1983 ሪዮ ውስጥ መጠጥ ባመጣበት ሕመም ሞተ። 49 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ማራካና ገብቶ ሕዝቡ ተሰናበተው። ከዚያ በእሳት አደጋ መኪና ተጭኖ ወደ ትውልድ ቀዬው ሲሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቆሞ ሸኘው። የተቀበረው ከፓው ግራንዴ አቅራቢያ ራይዝ ዳ ሴራ በሚባል መካነ መቃብር ነው። ስሙ የተራራው ስር ማለት ነው። የመጨረሻው ባቡር እንዳያመልጠው ይሮጥ የነበረው ልጅ ወደ ተራራው ተመለሰ።

ብራዚል ካለቀሰች በኋላ ስሙን አልረሳችም። በዋና ከተማዋ ብራዚሊያ የሚገኘው፣ በ2014 የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎችን ያስተናገደው ስታዲየም ማኔ ጋሪንቻ ይባላል። መቃብሩን ግን እንዲያ አልጠበቀችውም። እ.ኤ.አ በ2017 የብራዚል ጋዜጦች እንደዘገቡት አጽሙ ከነበረበት ወጥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሮ ኖሮ፣ አሁን የት እንዳለ የመካነ መቃብሩ ኃላፊዎች በእርግጠኝነት መናገር አቃታቸው። ካቦው ሲፈልገው ያጣው የነበረ ልጅ ሞቶም ተፈልጎ ጠፋ።

ኤልሳ ሶአሬስ ከእሱ ብትለያይም እስከ 91 ዓመቷ ኖራለች። ያረፈችው ጥር 20 ቀን 2022 ነው። ጋሪንቻ በሞተበት ዕለት፣ ልክ በ39ኛው ዓመት።

ጋሪንቻ ሰነፍ ነበር፣ ሰካራም ነበር፣ ቤተሰቡን የበተነ ሰው ነበር። ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች በዙሪያው ሞልተዋል። ፋብሪካው አይቷል፣ ክለቡ አይቷል፣ የቡድን መሪዎቹ አይተዋል። ሁሉም ዝም ያሉት ስለሚወዱት ብቻ አልነበረም፤ እሁድ ስለሚፈልጉት ጭምር ነው። ጉልበቱ ከድቶት ኳስ ማማለድ ስታቆም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም ቀን ተው ያልተባለ ሰው ብቻውን ቀረ። ዛሬም በየሰፈሩ ሜዳ አሰልጣኙ ጥፋቱን አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ባለ ተሰጥኦ ልጅ አይጠፋም። ያ ልጅ የሚያስፈልገው ምህረት ብቻ ሳይሆን ተው የሚለው ሰው ጭምር መሆኑን የፓው ግራንዴው ወፍ ታሪክ ያሳያል።